ከአጥሩ ውጭ የተማርንበት ኅዳር

የራሰ ባና ሽታ የሚጠላ ሰው ካለ ከእኔ ጋር ባይቀመጥ ይሻለዋል። የበግ ጠጉር፣ የእንጨት ጭስና የዝናብ ውኃ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሰጡት ሽታ ነው። የልጅነቴ ሽታ እሱ ነው። በቀደም ዕለት ዳንግላ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ዝናብ የመታው ባናዋን በትከሻዋ ጥላ አጠገቤ ስታልፍ፣ የያዝኩትን ዘንቢል መሬት ላይ አስቀምጬ ቆሜ ቀረሁ። አብራኝ የነበረችው የሥራ ባልደረባዬ አፍንጫዋን ያዝ አደረገችና "ምንድን ነው ደግሞ ይኼ?" አለችኝ። "የእኛ ቤት ነው" አልኳት። ላስረዳት አልሞከርኩም፤ በቆምንበት ተነግሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ያደግሁት ከእንጅባራ በላይ፣ ወደ ጥሊሊ ከሚወስደው አስፋልት ተገንጥሎ ሽቅብ በሚወጣ የጭቃ መንገድ ጫፍ ላይ ነው። ገብስና ድንች እንጂ ሌላ ነገር እሺ ብሎ የማይበቅልበት ደጋ ነው። ክረምቱ መስከረም ሲጠባ ይወጣል ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይቆይና፣ ሄደ ስንል ቦታውን ለውርጩ ያስረክባል። ጠዋት ከቤት ስንወጣ የከብት ኮቴ በረገጠው ጉድጓድ ሁሉ የተጠራቀመው ውኃ ረግቶ እንደ መስተዋት ያበራል። ቀድሞ የደረሰ ልጅ በተረከዙ ይሰብረዋል። ስባሪውን አንስተን ወደ ፀሐይ እናሳየውና በውስጡ አሻግረን እንተያያለን፤ የጓደኛችን ፊት ጠምዘዝ ብሎ አፍንጫው ጆሮው ጋ ሲደርስ እየሳቅን መንገዱ ሳይታወቀን ያልቃል።

ያን ብርድ የምንወጣው በባና ነበር። የእኔን ባና ያሠራችልኝ እናቴ ናት። አባቴ የሸለተውን የበጎቻችንን ጠጉር አጥባ፣ ነድፋ፣ በጋውን ሙሉ ስትፈትል ከርማ ለሸማኔ ሰጠችው። ጥቁሩና ቡናማው ጠጉር ተደባልቆ ሲያልቅ የገብስ አሻሮ መሰለ። አዲስ እያለ አንገት ይበላል። እናቴ "ቻይው፤ ሲለምድሽ ይተውሻል" አለችኝ፤ እውነትም ተወኝ። ዝናብ ቢመታው ውኃው ላዩ ላይ ይቀራል። በረዶ ሲወርድ ደግሞ ራሳችን ላይ ጣል አድርገነው ቁጢጥ እንላለን፤ በረዶው ከላይ ያንኳኳል፣ እኛ ከሥር ትንፋሻችን እየሞቀን እስኪያባራ እንንሾካሾካለን።

እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርነው እዚያው ቀበሌያችን ውስጥ፣ በአገውኛችን፣ በአውኝኛ ነው። ለሰባተኛ ክፍል ግን ወደ እንጅባራ መውረድ ግድ ነበር። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ባጃጅ ከተማው ውስጥ ገና ብርቅ በነበረበት ሰሞን ነው። ወደ እኛ ሰፈር ባጃጅ ቀርቶ ፈረስም እየተንሸራተተ ነበር የሚወጣው፤ ስልክ ያለው ሰውም ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ይጮኻል። እኔና ጎረቤቴ እናኑ አብረን ነበር የምንወርደው። እናኑ በቁመት ከሁላችንም ታንሳለች፤ አፏን ግን የሚችለው አልነበረም። እናቶቻችን ረመጥ ውስጥ የበሰለ ድንች በሁለት በሁለት እጃችን ያስይዙን ነበር። መጀመሪያ እጃችንን እናሞቅበታለን፤ የትምህርት ቤቱ በር ጋ ስንደርስ ቀዝቀዝ ብሎ ለመብላት ይመቻል።

በከተማው ትምህርት ቤት የጠበቀን የመጀመሪያው ነገር የተያዘ አፍንጫ ነው። ሩት የምትባል፣ ጸጉሯ ሁልጊዜ በሪባን የሚታሰር ልጅ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ገና በሩ ላይ ስታየን አፍንጫዋን ይዛ ወደ ጓደኞቿ ዞረች፤ ሳቁ። "የበግ ልጆች" የሚል ስምም ወጣልን። እናኑ ወዲያው "በግ ብንሆን ኖሮ ሪባንሽን ቅጠል መስሎ በልተን እንጨርሰው ነበር!" አለቻቸው፤ አማርኛዋ ተደነቃቀፈና የባሰ ሳቁ። እሷም አብራቸው ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ስም ቢያወጡልን ግድ አልነበረንም። ነገሩ የከፋው የዩኒት መሪው መምህር ደረጀ ሰልፍ ላይ ሲናገር ነው። ያኔ አንቱ ነበር የምለው፤ ዛሬ አንተ ብዬ ስጽፍ ይቅር ይበለኝ። ከቆላ አገር የመጣ፣ የቆዳ ጃኬቱን እስከ አገጩ የሚቆልፍ፣ ስካርፉን ከአንገቱ የማያወልቅ ሰው ነበር። ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ደረጃው ላይ ወጣና፣ ከዛሬ ጀምሮ ከዩኒፎርምና ከአረንጓዴው ሹራብ በላይ ምንም ነገር ደርቦ መግባት ክልክል ነው አለ። ቀጥሎ ወደ እኛ ሰልፍ አየ። "ይህ ትምህርት ቤት ነው፤ የበግ ገበያ አይደለም" አለ። የተማሪው ሳቅ ግቢውን ሞላው። ሹራቡ እኮ በብርሃን ፊት ሲይዙት ማዶውን የሚያሳይ ስስ ነበር።

ከበሩ ፊት ለፊት እትዬ ማርታ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የሩት እናት ናት። ባናችንን ይዘን የት እንደምናስቀምጠው ግራ ገብቶን ስንቆም ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችን። "ኑ፣ እዚህ አስቀምጡት። ስትወጡ ትወስዱታላችሁ" አለችን። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ባናችንን እሷ ቤት እየከመርን በስስ ሹራብ መንገዱን በሩጫ መሻገር ልማዳችን ሆነ። ሩት ቤቷ ውስጥ የተከመረውን ባና እያለፈች ስትገባ ዓይኗን ትሰብር ነበር። እናቴ ነገሩን ስነግራት ደስ አላላትም። እትዬ ማርታ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት የምትሄድ ጴንጤ ስለነበረች፣ "ጴንጤ ቤት የልጄን ልብስ?" ብላ ፊቷን አኮሳተረች። ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ ራሷ ሄዳ አየች። እትዬ ማርታ የተተረተረውን የባናዬን ጠርዝ በጥቁር ክር ዙሪያውን ሰፍታው ነበር። እናቴ ቤት ስትመለስ "ክሯ ጠንካራ ነው" አለች።

ኅዳር ገባ። ክፍላችን መስኮቱ መስተዋት አልነበረውም፤ የቆርቆሮ መዝጊያ ነው። ሲዘጋ ይጨልማል፣ ሲከፈት ነፋሱ ቀጥታ ደረት ላይ ነው የሚያርፈው። እናኑ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ታስል ነበር። በዚያ ጠዋት መንገድ ላይ በረዶ ያዘን፤ እግራችንም ቀሚሳችንም ርሶ ነው የደረስነው። ባናችንን እትዬ ማርታ ቤት ጥለን ገባን። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሥነ ዜጋ ነበር፤ አስተማሪው ራሱ መምህር ደረጀ ነው። እናኑ አጠገቤ ስትንቀጠቀጥ ዴስኩ አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መጻፍ አቃተኝ።

እጄን አወጣሁ። "ቲቸር፣ እናኑን ብርድ ሊገድላት ነው። ሮጬ ባናዋን ላምጣላት?"

"ደንቡን ሰምተሻል አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲያው ተቀመጪ። በእረፍት ሰዓት ትሞቃለች።"

ተቀመጥኩ። እናኑ ራሷን ዴስኩ ላይ አስደገፈች። የእረፍት ደወል ሲደወል "ተነሽ" አልኳት፤ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝና መልሳ ከደነችው። ግንባሯን ስነካው እንደ ምድጃ ይፋጃል። አዘልኳት። ግቢውን አቋርጬ፣ በሩን አልፌ እትዬ ማርታ ቤት ስገባ መተንፈስ አቅቶኝ ነበር። እትዬ ማርታ የያዘችውን ልብስ ወርውራ ተነሣች። ከክምሩ ላይ የመጣልኝን ባና መዝዤ ጠቀለልናት፤ የእኔው ነበር። እትዬ ማርታ ከእኔ ተቀብላ በጀርባዋ አዝላ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። የሳንባ ምች ነው አሏት። መርፌ ተወጋች፣ መድኃኒት ተሰጣት፤ ከሰዓት በኋላ አባቷ በፈረስ መጥቶ ይዟት ወጣ። እኔ የእናኑን ባና በጥድፊያ እትዬ ማርታ ቤት ረስቼ፣ ከፈረሱ ኋላ ኋላ በሹራብ ብቻ አቀበቱን ወጣሁት። ያን ቀን ብርዱ አልተሰማኝም፤ ሰውነቴ በንዴት ነበር የጋለው።

ከብቶች ሲገቡ እነ እናኑ ቤት ሄድኩ። እሳቱ ዳር ተኝታ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ አገኘኋት። ድምፅዋ ሰልሎ ነበር።

"ባናሽን ውሰጅው" አለችኝ። "ነገ ይበርድሻል።"

"ነገም እትዬ ማርታ ቤት ነው የማስቀምጠው። ምን ይሠራልኛል?"

"አታውልቂዋ።"

"ያባርረኛል።"

"ያባርርሻ! ምነው፣ አንች አፍ የለሽም?" አለችና ሳል አቋረጣት።

ማታውን እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር ብል ውሸት ነው። ጠዋት መንገድ ላይ ያገኘኋቸውን የላይ አገር ልጆች አንዳቸውንም አላናገርኳቸውም። እትዬ ማርታ ቤት እነሱ ሲገቡ እኔ ባናዬን እንደለበስኩ ቀጥ ብዬ ወደ በሩ አለፍኩ። ዘበኛው "ልጄ፣ ምነው?" አለኝ በአውኝኛ፤ የሚከለክለኝ ሳይሆን የሚፈራልኝ ይመስል ነበር። ሰልፉ መሀል ገብቼ ቆምኩ።

መምህር ደረጀ ሩቅ ሳለ አየኝ። ሰልፉን እየሰነጠቀ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"ይህን ነገር አውልቂ።"

"አላወልቅም።"

"ምን አልሽ?"

"ይበርደኛል ቲቸር፤ አላወልቅም።"

"ሌላው ተማሪ አይበርደውም? እኔስ አይበርደኝም?"

"እርስዎማ ጃኬት ለብሰዋል። ስካርፍም አድርገዋል።"

አንድ ሰው ሳቀ። የመምህር ደረጀ እጅ ስካርፉን ነካ፣ ተመለሰ። ከዚያ ጣቱን ወደ በሩ ቀሰረ። "ውጭ። እሱን ትተሽ እስክትመጪ እንዳላይሽ።" ወጣሁ። ያን ሁሉ ዓይን ከኋላዬ ተሸክሜ ስሄድ በሩ የራቀኝን ያህል አገራችን አይርቅም።

ወደ ቤት መመለስ እችል ነበር። አልተመለስኩም። የእኛ ክፍል ጀርባው ከቀርከሃው አጥር ጋር የተጠጋጋ ነበር፤ መስኮቱም ወደዚያ ይከፈታል። አጥሩን ዞሬ ሄጄ፣ ከመስኮቱ ትይዩ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ደብተሬን አወጣሁ። ትንሽ ቆይቶ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ዓለሙ የሚባለው ረጅሙ ልጅ ነበር፤ ባናውን ከእትዬ ማርታ ቤት ወስዶ፣ ለብሶ መጥቷል። "ጠጋ በይልኝ" አለና አጠገቤ ተቀመጠ። ከእሱ ኋላ ሌሎቹ መጡ። የላይ አገር ልጆች ሁሉ አልመጡም፤ የፈሩም ነበሩ፤ አልተቀየምኳቸውም። ድንጋዩ ሲሞላ ሣሩ ላይ ተቀመጥን።

መምህርት አስናቀች ሒሳብ ልታስተምር ገባች። ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጽፋ ስትዞር በመስኮቱ አየችን። ሄዳ ተዘግቶ የነበረውን ሁለተኛውን መስኮት ከፈተችው። ከዚያ የምትጽፈውን ሁሉ ቁጥር በቁጥር፣ ምልክት በምልክት ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። የእኛን ክፍል ሒሳብ ከገበያ ማዶ የነበረ ሰው ሁሉ የተማረ ይመስለኛል። ጥቂት እንደቆየ ከፊት ወንበር ድምፅ ተሰማ።

"ቲቸር፣ መስኮቱን እንዝጋው? በረደን።"

"በረዳችሁ?" አለች መምህርት አስናቀች። "እንግዲያው የሚሞቅ ነገር ደርቡ።"

"አልተፈቀደማ!"

መምህርት አስናቀች ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ተመለሰች።

ያን ዕለት ማታ አባቴ ሁሉን ሰምቶ ጠበቀኝ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ነበር የሚመስለው። "ከመምህር ጋር ተጣልቶ የተማረ የለም። ተይው፤ ድንቹ ይቆፈራል፣ እጅ ያስፈልገኛል" አለ። እናቴ ከምድጃው ሳትዞር "ድንቹን እኔ እቆፍራለሁ" አለችው። "እሷ ነገም ትወርዳለች። አጥሩ ሥርም ቢሆን ትቀመጣለች።" በማግስቱ ጠዋት እናቴ ረመጥ ውስጥ የቀበረችው ድንች ለአንድ ልጅ አልነበረም፤ አንድ አኩፋዳ ሞልታ በትከሻዬ አንጠለጠለችልኝ። "ለሁላችሁም ነው" አለችኝ።

እንዲህ እያልን ቀኖቹ ተከታተሉ። ጠዋት መዝሙሩ ሲጀመር እኛም ከአጥሩ ውጭ ተሰልፈን እንዘምራለን፤ ከውስጦቹ እንዳናንስ ብለን ጉሮሯችን እስኪሰነጠቅ እንጮኽ ነበር። መንገደኛው ቆሞ ያየናል። ገሚሱ ይስቃል፣ ገሚሱ "እናንተ ልጆች ምን አድርጋችሁ ነው?" ይለናል። "ምንም። በርዶን ነው" እንላለን። መምህር ደረጀ አንድ ቀን አጥሩ ጋ መጥቶ በቀርከሃው ክፍተት፣ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ያልገባ ተማሪ ስሙ ከመዝገብ እንደሚሰረዝ ነገረን። ይህን ሲል ድምፁ የቁጣ አልነበረም፤ ለዚህ ነው የባሰ ያስፈራን። በማግስቱ ዓለሙ ያለ ባና ገባ። አባቱ በዱላ ነበር የሸኘው። በመስኮቱ ሲያየን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። በእረፍት ሰዓት በአጥሩ ላይ ግማሽ ዳቦ ወረወረልን፤ ተሻምተን በላነው፤ እኛም ድንች ወረወርንለት።

እኔ ራሴ ልቤ መክዳት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። እናቴን አሰብኩ፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ ስሟ የተሰረዘ ልጅ ይዛ ስትቀር። ነገ አውልቄ እገባለሁ ብዬ ወሰንኩ። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

በማግስቱ ውርጩ ከሁሉም ቀን የከፋ ነበር። ሣሩ ነጭ ሆኖ እግራችን ሥር ይሰበራል። ወደ በሩ እየቀረብን ሳለ የእትዬ ማርታ ቤት በር ተከፈተና ሩት ወጣች። ሪባኗን እንዳሰረች፣ ቦርሳዋን እንደያዘች፣ ትከሻዋ ላይ የእናኑ ባና ነበር። የእናኑ ስለሆነ ያጥራታል፤ ወገቧ ላይ ነው የቀረው። እትዬ ማርታ የልብስ መለኪያዋን በአንገቷ እንዳንጠለጠለች ደጃፉ ላይ ቆማ ታያታለች። ሩት እኛን ሳታይ አልፋን በሩ ላይ ደረሰች። መምህር ደረጀ እዚያው ነበር።

"አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ? የከተማ ልጅ አይደለሽም እንዴ?"

"የከተማ ልጅ አይበርደውም?" አለችው።

"አውልቂና ግቢ።"

"አላወልቅም" አለች፤ ቃሉን ከእኔ ነበር የወሰደችው። ዞራ ወደ አጥሩ ሄደች። እኛም ተከትለናት ሄድን። ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና የባናውን ጠርዝ ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አደረገች።

"ይሸታል" አለችኝ።

"አዎ፣ ይሸታል።"

"ግን ይሞቃል።"

ላውልቅ ብዬ የወሰንኩትን እዚያው ተውኩት። ሌሎቹ የከተማ ልጆች ከሰልፉ ያዩዋታል። መጀመሪያ ሁለት የሩት ጓደኞች ወጡ፤ ወደ ቤታቸው ሮጠው ጋቢ ደርበው ተመለሱ። ከዚያማ ማን ያቁመው? የአባቱን ካፖርት መሬት እየጎተተ የመጣ ነበር፤ የሴት አያቱን ነጠላ አራት አጥፎ የለበሰ ነበር፤ አንዱማ የአልጋ ልብስ ነበር ይዞ የመጣው፣ ትልልቅ አበባ ያለበት። ዓለሙ ከግቢው ሲወጣ እየሮጠ ነበር። በዚያ ውርጭ ላይ ከአጥሩ ውጭ ያለው ከውስጡ በዛ። በሁለተኛው ደወል መምህርት አስናቀች በመስኮት ብቅ ብላ፣ ክፍሏ ውስጥ የቀሩትን ልጆች ዞራ አየችና ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን ነበር የምታፍነው።

ርዕሰ መምህሩ የወጡት ያን ጊዜ ነው። የአገራችን ሰው፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ እስከዚያ ቀን በነገሩ ላይ ድምፃቸውን ያልሰማነው አዛውንት ናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጥሩን ዞረው መጡ። ሁላችንም ተነሣን። እኔ ፊት ቆሙና በአውኝኛ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አባቴን ያውቁታል። ያመመችው ልጅ እንዴት እንደሆነች ጠየቁኝ። "ገና አልተነሣችም" አልኳቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐፍረት ይሁን ሐዘን ዛሬም አልለየሁትም። ከዚያ ዘበኛውን "በሩን ክፈተው" አሉት።

መምህር ደረጀ ከኋላቸው ደርሶ ነበር። "ደንቡስ?" አላቸው።

"ደንቡን የጻፍነው እኛ ነን" አሉት፤ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው። ወደ እኛ ዞሩ። "ግቡ። ሹራባችሁን ከሥር ልበሱ፤ ከላይ የምትደርቡትን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ያን የአልጋ ልብስ ግን ለእናትህ መልስላት።"

ገባን። ሆ ብለን አልገባንም፤ አልጨፈርንም። እንደ ሌላው ቀን ገብተን ወንበራችን ላይ ተቀመጥን። ክፍሉ ሲሞቅ የባናው ሽታ ተነሣ። አፍንጫውን የያዘ አልነበረም። መምህር ደረጀ ይቅርታ አልጠየቀንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። በዓመቱ ተዛወረ።

ይህን ታሪክ ሳወራ ሰዎች እዚህ ጋ ፈገግ ብለው ያለቀ ይመስላቸዋል። ለእናኑ ግን አላለቀም። ከገና በኋላ ተነሥታ መራመድ ጀመረች። አባቷ ግን ደረቷ ደክሟል፣ ያን መንገድ አትችለውም ብሎ አስቀራት። ለምኜዋለሁ፤ እናቴም ሄዳ ለምናዋለች። እንቢ አለ። ለእሷ ሲባል የተከፈተው በር እሷን ብቻ አላስገባም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ቁጭት እስከ ዛሬ አላስታመምኩትም፤ ይሻርልኝ ብዬም አልጸልይም። እናኑ ዛሬ እዚያው ናት፤ አግብታ፣ ድንቿን እየተከለች፣ ለከሰል የሚሆነውን ዛፏን ከአዘና ድረስ ለሚመጡ ነጋዴዎች ራሷ እየተከራከረች ትሸጣለች። ስሄድ ፊቴን አይታ የማስበውን ታውቀዋለች። "አንች ደግሞ አታልቅሽልኝ" ትለኛለች። "ማንም ስሜን አልሰረዘውም፤ በራሴ ነው የቀረሁ።" እውነት አይደለም። ግን አልከራከራትም።

ዛሬ ባና ክብር አግኝቷል። በአዳራሽ ስብሰባ ላይ ለእንግዳ ይደረባል፤ ሆቴል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፤ ሰዎች "ባህላችን" እያሉ አብረውት ፎቶ ይነሣሉ። ደግ ነው። እኔ ግን ሲያወድሱት ስሰማ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም። እኛ ባህል ልናሳይ አልነበረም የለበስነው። በርዶን ነው። የብርድ ልጆች ስለሆንን ብርድ አይሰማንም ብለው የሚያስቡ ዛሬም አሉ፤ ቢሮዬ ውስጥ ሳይቀር አሉ። ብርድ አይለመድም። በልጅነቱ ሹራቡን ጨብጦ የተንቀጠቀጠ ሰው ይህን ያውቃል፤ ሌላው ዝም ቢል ይሻለዋል።

ባለፈው ታኅሣሥ አገሬ ገብቼ ነበር። ቀበሌያችን ውስጥ አሁን እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ አለ፤ ልጆቹ ወደ ከተማ አይወርዱም። ጠዋት ተነሥቼ፣ ሣሩ ገና ነጭ ሳለ፣ እግሬ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደኝ። በሩ ዳር ቆሜ ሲገቡ አየኋቸው። ወፍራም የቻይና ጃኬት የለበሰ አለ፣ ጋቢ የደረበ አለ፣ ባና የለበሱም አሉ። ማንም ዞሮ አያያቸውም፤ ማንም አይጠይቃቸውም። እየተጋፉ፣ እየተሳሳቁ ይገባሉ። አንድ ሰው ይከለክላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ራሴን ያዝኩት፤ ሰውነቴ ሳይታወቀኝ ለጠብ ተዘጋጅቶ ነበር። ሁሉንም አስቁሜ ልነግራቸው ፈለግሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላወቅሁም፤ እነሱ ደግሞ ቸኩለዋል።

ባና የለበሰች አንዲት ልጅ ከጓደኞቿ ተነጥላ ወደ እኔ መጣች።

"እትዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?" አለችኝ። አንቱ ስባል እዚያ ቀዬ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ማንንም አልፈለግሁ" አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ስስ የከተማ ሹራቤ ላይ ዓይኗ ትንሽ ቆየ።

"እንግዲያ ይግቡና ቢሮ ይቀመጡ" አለችኝ። "እዚህ ብርድ ይመታዎታል።"